የድልድዩ አስራ ዘጠኝ ጠባሳዎች

ጋሽ ቀስታ ድልድይ መታ ሲባል መጀመሪያ ላይ ያመነ ሰው አልነበረም። የኩባንያው ግቢ ጥበቃ ወሬው ሲደርሰው «ሌላ ቀስታ ይሆናል እንጂ!» ብሎ ተከራከረ። ሌላ ቀስታ ግን አልነበረም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ዶሮ እንኳ ጨፍልቆ አያውቅም። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ ጎማውን በጫማው ጫፍ ይመታል፣ የፍሬን መብራቱን ያያል፣ መስታወቱን ይወለውላል። መንገድ ላይ ከኋላው የተሰለፉ ወጣት ሾፌሮች ክላክሳቸውን እያንባረቁ «ጋሼ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» ይሉታል። እሱም እጁን በመስኮት አውጥቶ «ቀስ በሉ» የሚል ምልክት ያሳያቸዋል። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው።

የመታው ግን እሱ ነው። ሰኞ ቀትር ላይ ከመጋዘኖቹ ሲመለስ፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር ሲገባ፣ መኪናው የተሸከመው ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ከድልድዩ አግዳሚ ብረት ጋር ተላተመ። ጣሪያው ከፊት ጠርዙ ጀምሮ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ተገለጠ። ሰው አልተጎዳም። መንገዱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተዘጋ፣ ባቡሮች ቆሙ። ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ ጉዳዩም ሐሙስ ጠዋት ለሚሰበሰበው የአደጋ ኮሚቴ ተመራ።

የጋሽ ቀስታ ሚስት ታናሽ እህት በከተማው የመንገዶች መሥሪያ ቤት የድልድዮች ክፍል ቀያሽ ናት። መሬት ትለካለች፣ ድልድይ ትለካለች፤ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ቀያሿ» ነው የሚላት። የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥታ እህቷ ቤት ስትደርስ በሩ ገና በደንብ ሳይከፈት የእህቷ ሮሮ ተቀበላት።

«እህል አልቀምስ ብሏል። ሾርባ ሠራሁለት፣ አየው። ድንች ቀቀልኩለት፣ እሱንም አየው። እስቲ ደግሞ አንቺ ሞክሪው፣ እኔ አፌ ደርቋል።»

ጋሽ ቀስታ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ የሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሊነሳ እንደተዘጋጀ እንግዳ።

«እንዴት ዋልክ ጋሼ?»

«እንዴት እንደዋልኩ ከተማው በሙሉ ያውቃል። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽ?»

«እኔ ደግሞ ካንተ ልስማው ብዬ ነው።»

ፊቱን ወደ እሷ አዞረና «አንቺ የምትለኪ ሰው ነሽ» አላት። «እስቲ ንገሪኝ፤ ድልድይ ዝቅ ይላል?»

«ማለት?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በዚያው ድልድይ ሥር አልፌያለሁ። በዚያው መኪና። መኪናዬ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ስድስት ነው፤ ድልድዩ ላይ ሦስት ከዘጠና ተጽፏል። ሁልጊዜም አልፋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ መታሁት። በአራት ሰዓት ውስጥ ወይ ድልድዩ ወርዷል፣ ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ?»

«ወይ ጠዋት አላለፍኩም። ያለፍኩ መስሎኝ ነው።»

ሚስቱ ከማብሰያ ቤት ሆና ጆሮዋን ጥላ ኖሯል። «ባለፈው ሳምንት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሲያምሰው ዋለ!» አለች።

«እሱ ማንም የሚያደርገው ነው!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ግን ወዲያው ወረደ። «እናቴን ታስታውሻታለሽ አይደል? መጨረሻ ላይ የገዛ ቤቷ በር ጠፍቷት የጎረቤት አጥር ስትደባብስ ነው ያገኘናት። እሷም የጀመራት በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ሐሙስ መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ እሺ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ደግሞ የሚቀጥረኝ የለም፤ እሱም እሺ። ግን ጭንቅላቴ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ቀያሿ ማጽናናት አይሆንላትም። በአንድ ወቅት እሷም ብዙ የማጽናኛ ቃል ስለተቀበለች ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቀዋለች። ስለዚህ «አይዞህ» አላለችውም። ሾርባውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «ነገ ሄጄ እለካዋለሁ» አለችው። ጋሽ ቀስታም ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ፣ ማንኪያውን አነሳ።

በማግሥቱ ማለዳ ቀያሿ መሣሪያዋን፣ መሰላሏንና ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ ይዛ ድልድዩ ሥር ተገኘች። ድልድዩ አጭር ነው፤ ወፍራም የብረት አግዳሚዎች በድንጋይ ግንቦች ላይ ተጋድመው፣ ከላያቸው ሐዲዱ ያልፋል። በአንድ ወገን መጋዘኖቹና የዱቄት ፋብሪካው ናቸው፤ በሌላው ወገን ከተማው። ከግንቡ አጠገብ የአንድ ጎሚስታ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሌላ ጎማ የሚጠግን፣ ሆዱ የቱታውን ቁልፍ ያስጨነቀው ሰውዬ ነው።

«እሜቴ፣ ድልድዩን ልትሸጡት ነው እንዴ ልኬት የምትወስዱት?»

«የሚገዛ ካለ ምን ችግር አለ? ና እስቲ ይህን ዘንግ ያዝልኝ።»

ሰውዬው እጁን ቱታው ላይ ጠራርጎ መጣ። ሰሌዳው ሦስት ሜትር ከዘጠና ይላል። አምስት ቦታ ላይ ለካች፤ ዝቅተኛው ሦስት ሜትር ከዘጠና ሦስት ሆነ። ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ሦስት ሳንቲም ለጥንቃቄ ትቷል ማለት ነው። ድልድዩ አልዋሸም። ቀጥላም መንገዱን አየችው፤ ከሁለቱም ወገን ያው ነው፣ ጉብታም ጉድጓድም የለውም።

«የትናንቱን አየኸው?» ብላ ጠየቀችው።

«ካየሁት ስንቱን! የኔ ሱቅ ጣሪያ እኮ ከአራት መኪና የተዋጣ ነው።» በአገጩ ወደ ላይ ጠቆማት። እውነትም የሱቁ ጣሪያ ነጭም ሰማያዊም ቀለም ያለው፣ ግማሽ የማስታወቂያ ጽሑፍ የቀረበት የመኪና ቆርቆሮ ነው። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ሾፌሮቹ ሲወርዱ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። 'ጠዋት አልፌ ነበር!' ይላሉ። ተማክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። መጀመሪያ መጀመሪያ ውሸታሞች ናቸው እል ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የሚዋሸው ድልድዩ ነው እላለሁ። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትመታው ብረቱ ይለጠጣል፣ ይለጠጥና ሆዱን ይጥላል፤ እንደኔ።» ሆዱን መታ መታ አደረገ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ቀያሿ ግን አሰበችበት። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሰውዬው ያለው ነገር የማይሆን አይደለም። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች፤ ያ ብረት እጅ የማያስነካ ሲሆን እንደገና ለካችው።

«እህሳ?» አለ ጎሚስታው አንገቱን አስግጎ።

«ሁለት ሚሊሜትር።»

«ወረደ አይደል? አላልኩም?»

«የጥፍር ውፍረት ነው እኮ!»

«ቢሆንም ወርዷል» አለና እንዳሸነፈ ሰው እየተንጎራደደ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ከመሄዷ በፊት መሰላሉን አቁማ ወጣች። በመጋዘኖቹ ወገን ያለው አግዳሚ ጠርዙ በሙሉ ተጋግጧል፤ አንዳንዱ ጠባሳ ዝጎ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ገና ያብለጨልጫል። በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ አስራ ዘጠኝ። መሰላሉን ተሸክማ ወደ ከተማው ወገን ዞረችና እዚያም ወጣች። እዚያ አንድም የለም። ቀለሙ እንደተቀባ ነው፤ እርግቦችም ጎጆ ሠርተውበታል።

ወረደችና መሰላሉን ተደግፋ ቆመች። ከከተማው የሚመጣ ረጅም መኪና ቁጥሩን አይቶ ይታጠፋል፤ ይህ ግልጽ ነው። ከመጋዘኖቹ የሚመጣው ሾፌር ግን ያው ሾፌር ነው፤ መኪናውም ያው መኪና፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር። ታዲያ ሲሄድ የበቃው ድልድይ ሲመለስ ለምን ያንሰዋል? ነገሩ ከነከናት።

መሥሪያ ቤት ስትመለስ ኃላፊዋ መፍትሔውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ትልቅ ሰሌዳ!» አለ እጆቹን ዘርግቶ። «እስከዛሬ የነበረው አንሷል። ይህን ያህል እናደርገዋለን፣ ቀይ።»

«አምና እኮ አሳድገነው ነበር።»

«ቀይ አላደረግነውማ!»

«አስራ ዘጠኙም ሾፌሮች ሰሌዳውን አይተናል ብለዋል። ቁጥሩንም አንብበናል ብለዋል። ቃላቸው ላይ ተጽፏል።»

«አንብበው ከገቡማ ጭራሽ ጥፋተኞች ናቸው!» አለ ኃላፊው። ቀጥሎ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ስሚ፣ ባለጉዳዩ የእህትሽ ባል መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ለክተሽ ስጪኝ፤ የምፈርመው እኔ ነኝ። እንዲያ ይሻላል።»

«እኔም ደስ ይለኛል» አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ እሷን የያዛት ፊርማው አልነበረም።

የአደጋ ቅጾቹን እንደገና ከመዝገብ ቤት አስወጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረቻቸው። የአራት ዓመት ቅጽ፣ አስራ ዘጠኝ። ቅጹ ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ ቀንና ሰዓት፣ ታርጋ፣ ፍጥነት፣ ሾፌሩ ጠጥቶ ነበር ወይ፣ ፍሬኑ ይሠራል ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ። አንዱ ጠጥቶ ነበር፤ አስራ ስምንቱ አልጠጡም። ሁለቱ ቀን ዘንቦ ነበር፤ ሌላው ፀሐይ ነው። ታርጋዎቹን ስታይ አስራ አንዱ የጋሽ ቀስታ ኩባንያ መኪናዎች ሆነው አገኘቻቸው፤ ይህ ገረማትና ምልክት አደረገችበት። ከዚያ በላይ ግን ቅጾቹን ብታገላብጣቸው አንዱ ከሌላው ጋር አልገጥም አላት።

ተስፋ ቆርጣ ልትመልሳቸው ስትሰበስብ ነው ዓይኗ የቅጾቹ ግርጌ ላይ ያረፈው። መጨረሻው መስመር «በጭነቱ ላይ የደረሰ ጉዳት» ይላል። የላይኛው ቅጽ ላይ «የለም» ተብሏል። የሁለተኛውም «የለም»። የሦስተኛውም። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ የተገነጠለው መኪናም «የለም»። ቁጭ አለችና አንድ በአንድ አየቻቸው። አስራ ዘጠኝ መኪና ድልድይ መትቶ አንዲት ካርቶን አልተጨፈለቀችም፣ አንዲት ጆንያ አልተቀደደችም።

«የነዚህ ሰዎች ጭነት እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው!» አለች ለራሷ። ይህን እንዳለች ስልኳን አነሳች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ስትመለስ ምን ጭነህ ነበር?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ሁልጊዜማ ጠዋት ሴራሚክ አደርሳለሁ፤ ስመለስ ከፋብሪካው ዱቄት እጭናለሁ። ሰኞ የፋብሪካው ሞተር ተቃጠለና ባዶዬን መለሱኝ።»

«ለትራፊኩ ነግረኸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ጠጥተሃል ወይ አለኝ። ስልክ ታወራ ነበር ወይ አለኝ። እንቅልፍ ወስዶህ ነበር ወይ አለኝ። ባዶ ነህ ወይ ያለኝ የለም። ደግሞ ባዶ መሆን ምን ወንጀል አለው?»

«በዚህ መኪና ከዚያ በፊት ባዶህን ተመልሰህ ታውቃለህ?»

«ተመልሼ አላውቅም» አለ ጋሽ ቀስታ። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያሰብሽ ነው?»

«ነገ ጠዋት መኪናዎቹ ሳይወጡ ግቢያችሁ እመጣለሁ። ሸሚዝህን ቀይረህ ጠብቀኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ አላወለቅከውም አሉ።»

ረቡዕ ጠዋት የጋሽ ቀስታ መኪና ጣሪያውን እንደተገለጠ ግቢው ጥግ ቆሟል። ከሱ ጋር በአንድ ቀን የተገዛው መንታው ግን ሴራሚኩን እስከ አፉ ጭኖ ሊወጣ ተዘጋጅቷል። ቀያሿ መሣሪያዋን ተክላ ጣሪያውን ለካች፤ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ስድስት። ጋቢናው ውስጥ፣ ከመሪው በላይ፣ በትንሽ ነጭ ካርቶን ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ ቁጥር ተለጥፏል። እሱም ሦስት ከሰማንያ ስድስት ይላል።

«በሉ አሁን አውርዱት» አለች።

ጫኝና አውራጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃቸው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ጎልማሳ፣ «እሜቴ» አላት፣ «አሁን ላባችን ሳይደርቅ የጫንነውን?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መልሳችሁ ትጭኑታላችሁ።»

«ይሄን የመሰለ ቅጣትስ እኛ ምን መትተን ነው?» አለ። ሰዎቹ ሳቁና ጀመሩ። ጋሽ ቀስታም ጃኬቱን አውልቆ ካርቶን ከሚቀባበሉት መሀል ገባ።

መቶ ካርቶን ሲወርድ ቀያሿ በመሣሪያዋ አየች። ሰማንያ ሰባት። ሁለት መቶ ሲወርድ፣ ሰማንያ ዘጠኝ። ሰዎቹ መጀመሪያ ግድም አልሰጣቸው፤ ሦስተኛውን ቁጥር ስትጠራ ግን ባለፎጣው ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆመ።

«ዘጠና አንድ? ቅድም ሰማንያ ዘጠኝ አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«እና መኪናው እያደገ ነው?»

ከዚያ በኋላ ማንም አላጉረመረመም። ካርቶኑን የሚያወርዱት ሊያርፉ ሳይሆን ቁጥሩን ሊሰሙ ሆነ። በየመሀሉ «አሁንስ? አሁንስ?» ይላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ምሳ ተወራረዱ። ጥበቃው በሩን ጥሎ መጣ። የመጨረሻው ካርቶን ሲወርድ ቀያሿ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች፣ ሌላውን ጨፍና ደግማ አየች።

«ሦስት ሜትር ከዘጠና አምስት።»

የግቢው መካኒክ ከመኪናው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ ያይ ነበር። «ባሌስትራው ነዋ!» አለ እየሳቀ። ባሌስትራ መኪናውን የሚሸከመው ንብብር ብረት ነው። «ጭነት ሲጫነው ይጎብጣል፣ ሲወርድለት ቀና ይላል። ጎማውም እንደዚያው። ይሄን ማን የማያውቅ አለ?»

እውነትም የማያውቅ አልነበረም። ጫኞቹ ያውቃሉ፣ ሾፌሮቹ ያውቃሉ፣ ጥበቃውም ያውቃል። ሲጫን ዝቅ፣ ሲራገፍ ከፍ ሲል በየቀኑ ያዩታል። ያየውን ነገር ከድልድዩ ጋር ያገናኘ ሰው ነው የጠፋው። ድልድዩ ዘጠና ሦስት፣ ባዶው መኪና ዘጠና አምስት፤ ሁለት ሳንቲም።

ጋሽ ቀስታ ካርቶኖቹ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየና ሲገልጠው ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እንግዲያው ጠዋት አልፌያለሁ» አለ።

«አልፈሃል።»

«ጭንቅላቴ ደኅና ነው።»

«ጭንቅላትህ ደኅና ነው። መነጽርህን ግን አላውቅም።»

ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እሷም ነገሩን እዚያው ብትተወው ደስ ባላት። ግን አስራ አንዱ ታርጋ ሲከነክናት አድሮ ነበርና ወደ ጋቢናው ወጥታ ያንን ነጭ ካርቶን እንደገና አየችው። ሌሎቹ መኪናዎች ላይም እንደዚሁ ያለ ካርቶን፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ፣ በየመሪያቸው በላይ ተለጥፏል።

«ይህን ቁጥር ማን ነው የጻፈው?»

ጫኞቹ መሬት መሬት አዩ። ባለፎጣው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ቀስታ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ታየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የዛሬ አምስት ዓመት። ሾፌሮቹ በግምት ስለሚሄዱ ለጥንቃቄ ብዬ አስራ አራቱንም መኪና ለካሁ። ወለሉ ለጥ ያለ ነው ብዬ የመኪና መመዘኛው ሚዛን ላይ አቁሜ።»

«ሚዛኑ ላይ የሚወጡት መቼ ነው?»

«ሲጫኑ ነዋ! ባዶ መኪና ማን ይመዝ…» ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ነጭ ካርቶን በፊት፣ አለ በቀስታ፣ ሾፌሮቹ ያንን ድልድይ ይፈሩት ነበር። ረጅሙን መንገድ ይዞሩ ነበር። ድፍረቱን የሰጣቸው የሱ ቁጥር ነው። ከኩባንያው ድልድዩን የመቱት አስራ አንድ ናቸው፤ አንዱ ራሱ። ከአስሩ ሁለቱ ተባረዋል። ሲባረሩም እሱ ራሱ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ቁጥሩ ፊታችሁ ተለጥፎ እንዴት ትመታላችሁ ብሎ ተቆጥቷቸዋል።

ቀያሿ መሣሪያዋን እያጠፈች «ቅጹ ላይ ቁጥሩን የጻፈውን ሰው ስም የሚጠይቅ መስመር የለም» አለችው።

«ቅጹ ስንት ነገር ሳይጠይቅ ቀርቷል» አላት። «እኔ እናገራለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ብዙ ቀልድ የማይወድ፣ ሲያዳምጥ እስክሪብቶ የሚያኝክ ሰው ነው። ኃላፊው ሪፖርቱን አነበበ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ።

«ባዶ መኪና ከሙሉ መኪና ይረዝማል ነው የምትሉኝ?»

«ዘጠኝ ሳንቲም» አለች ቀያሿ።

«አስራ ዘጠኙም ባዶ ነበሩ?»

«ጭነት ኖሮ ቢሆን ጣሪያው ሲወርድበት አንድ ነገር ይሰበር ነበር። አንዱም ቅጽ ላይ ምንም አልተሰበረም።»

ሰብሳቢው ቅጾቹን ተቀብሎ ግርጌያቸውን አንድ በአንድ ገለጠ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የክፍሉ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አብሮት ያይ ጀመር። ጋሽ ቀስታ ያን ጊዜ ተነሳ። ስለ ነጩ ካርቶን፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለተባረሩት ሁለት ሰዎች አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ኮሚቴው ውስጥ ያለው የኢንሹራንስ ተወካይ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«እንግዲያው እርስዎ ጥፋተኛ የሆኑት በአንዱ ሳይሆን በአስራ አንዱ ነዋ!»

«እንደሱ ነው እኔም ያሰብኩት» አለ ጋሽ ቀስታ።

ቀያሿ ምነው ባልለካሁ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማሰቧ አፈረች። ሰብሳቢው ቅጾቹን አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መንጃ ፈቃድ የሚነጠቀው መሪ ይዞ ላጠፋ ሰው ነው» አለ። «ሜትር ይዞ ላጠፋ የሚነጠቀው ሜትሩ ይሁን ምን ይሁን፣ ሕጉ ላይ አላየሁም።» መሳቢያውን ከፍቶ መንጃ ፈቃዱን አወጣና ወደ ጋሽ ቀስታ ገፋው። «አስራ አራቱን መኪና ባዶውን ይለካሉ። ለተባረሩት ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ፤ የሚያደርሱት ግን እርስዎ ነዎት። ቅጹ ላይ ደግሞ 'ጭኖ ነው ወይስ ባዶ' የሚል መስመር ይግባ።»

«ትልቁ ሰሌዳስ?» አለ ኃላፊው።

«ይሁንልህ፤ ቀይ አድርገው።»

ከሰሌዳው ሌላ ግን ቀያሿ የጠየቀችው ነገርም ተፈቀደ። ከመጋዘኖቹ በር ወጣ ብሎ፣ ወደ ረጅሙ መንገድ መታጠፊያው ጋ ሳይደረስ፣ ሁለት ምሰሶ ተተከለ፤ በመካከላቸውም ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ በሰንሰለት ተንጠለጠለ። ከፍታው ሦስት ሜትር ከሰማንያ ስምንት ነው። ቱቦው ማንንም አይጎዳም፤ የሚረዝመውን መኪና አናቱን ይኮረኩመዋል፣ ሾፌሩም ገና መታጠፊያ ሳለለት ይሰማዋል።

በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ቀያሿ ከጋሽ ቀስታ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ካልሰማሁ ብላ ነው። ሴራሚኩ ተራግፏል፤ ዱቄቱን ያን ቀን ሆን ብለው አልጫኑም። ጣሪያው ተጠግኖ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል።

«መስኮቱን ክፈቺው» አላት። «በደንብ ይሰማሽ።»

«ቀስ ብለህ ግባ።»

«ለኔ ነው ቀስ በል የምትይኝ?»

ገቡ። ጓ! ጓ! ጓጓጓ! እያለ ቱቦው ከላያቸው ተንከባለለ፣ ሰንሰለቱ ተንጫጫ። ቀያሿ የሚሆነውን እያወቀች እንኳ አንገቷን ቀበረች። ጋሽ ቀስታ ፍሬን ያዘ።

«ደነገጥክ?»

«ደነገጥኩ እንጂ! ለመደንገጥ አይደል የተሰቀለው?» አለና በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ «እዚህ የደነገጠ እዚያ አይደነግጥም» ብሎ ወደ ረጅሙ መንገድ ታጠፈ።

መንገዱ በመኖሪያ ሰፈሮች መሀል ይጠማዘዛል። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጋሽ ቀስታ ፍጥነቱን ይበልጥ ቀነሰ። ከሁለቱ የተባረሩ ሰዎች አንዱን ባለፈው ሳምንት አግኝቶታል፤ ሰውዬው ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ምንም ሳይናገር፣ በሩን ፊቱ ላይ ዘግቶታል። ከአንድ ሰማያዊ በር ትይዩ ሲደርሱ መኪናውን ጥግ አስያዘ።

«የሁለተኛው ሰውዬ ቤት ይሄ ነው» አላት። «ትጠብቂኛለሽ?»

«እጠብቅሃለሁ።»

ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ወረደ። መንገዱን ተሻግሮ ሲያንኳኳ ከጋቢናው ታየዋለች። በሩ ገርበብ አለ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ረጅም ሰው ብቅ አለ። ደብዳቤውን ተቀበለ፣ አልከፈተውም። ጋሽ ቀስታ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይናገራል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። ሰውዬው ክንዱን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። በሩን የሚዘጋው መሰላትና ዓይኗን ልትመልስ ስትል፣ ሰውዬው ከጋሽ ቀስታ ትከሻ በላይ ወደ መኪናው ቀና ብሎ አየ። ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ ጎማዎቹን አየ፤ ከዚያ እንደገና ጣሪያውን።

በነጠላ ጫማው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለና እጁን ወደ ባሌስትራው ሰደደ።

«ስንት?» ሲል ሰማችው። «ስንት ሳንቲም አልከኝ?»

«ዘጠኝ» አለ ጋሽ ቀስታ አጠገቡ ቁጢጥ እያለ።

«አይሆንም! ዘጠኝማ አይሆንም!»

ቀያሿ አንገቷን በመስኮት አውጥታ አዳመጠች። ሰውዬው የተወው በር ከኋላቸው ክፍቱን ነበር።